መስጠም ያቃታት

ጎኗ የቧንቧ ቁራጭ፣ ባለ ሰባ አምስቱ፣
አፍንጫዋ ደግሞ የሃይላንድ አናቱ፤
ሞተሯ ከሙሄ ቴፕ፣ ካሴት ከሚበላ፣
ሆዷ ውስጥ ሁለት ታንክ፣ አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ።
ሰርጓጅ መርከብ ናት። ለማይባር ሐይቅ ነው የታሰበችው፤
ለጊዜው ግን ባሕሯ በርሜል ነው፣
በኦሞ ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ የሚለው።

ለቀቅኋት። ተንሳፈፈች።
ጭራዋን ነክራ፣ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ እንደ ዳክዬ ቀረች።
ታንኮቹ እንዲሞሉ ከሆዷ ሥር በስቻለሁ፤
ውሃው ግን አይገባም። ጠቦት ይሆናል ብያለሁ፣
በትልቁ ሚስማር አስፍቼዋለሁ።
አሁንም አይገባም።

እርሳስ ጨመርኩባት፣ ከሞተ የመኪና ባትሪ ቀልጦ የተቀዳ፤
ይህኔ ሰጠመች፣ እንደ ድንጋይ፣ እንደ ባለ ዕዳ።
ከበርሜሉ ቂጥ ደርሳ ዷ! አለች።
ይሄ መውረድ አይደለም፣ መውደቅ ነው።
እርሳሱን ቀነስኩ፤ ዳክዬዋ ተመለሰች።

እትዬ ዘምዘም በአጥሩ ቀዳዳ፦
«ሰው ጀልባ ሲሠራ እንዲንሳፈፍለት ነው፤
አንተ ተንሳፈፈች ብለህ የምታዝነው ምነው!
ለመስጠም ደግሞ ሙያ ይጠየቃል?
ሳይማር ሳይለፋ እየሰጠመ ሰፈሩ አልቋል።»

ሳቅሁላት። ግማሹ እውነቷን ነው።
እኔ ግን የፈለግሁት ቀስ ብላ እንድትወርድ ነው፣ ጀርባዋ ሳይናጋ፣
ከመሃል ላይ እንድትረጋ፣ ወለሉን ሳትነካ፣ ላዩንም ሳትጠጋ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
የፓምፕ ሰው ነበርኩ፤ ውሃን በድምፁ ነው የማውቀው፣ በእጄ ሳልነካ።
ሲጠማው ያፏጫል፣ ሲጠግብ ያጉረመርማል።
ይቺ ግን ዝም። ዝም ካለ ውሃ ጋር ምን ይባላል?
ስንት ሜትር ጉድጓድ ያንበረከከ ሰው
በስንዝር ቧንቧ ሲሸነፍ፣ ለማን ነው የሚያወራው?

ሐሙስ የኛ ተራ ነው። ውሃው ሌሊት ይመጣል፤
ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ያስላል።
ሉባባ ባልዲዎቹን ደርድራ «መጣ! መጣ!» ትላለች፣
ጆሮዬ ግን ከሳሉ ጋር ቀረች።
ክህ፣ ክህ፣ ፉፉፉ።
የሚያስለው ውሃው አይደለም፤ አየሩ ነው፣ ቀድሞ የተቀመጠው፣
መውጫ ሲያገኝ ብቻ ቦታ የሚለቀው።
ከሥር ስንት በር ብከፍት፣ ከላይ ነዋሪው ካልወጣ
እንግዳው በየት ይምጣ?
ሃያ ሁለት ዓመት! ይህችን ሳላውቅ።

ባልዲው ሞልቶ ይፍሰስ፤ ትቼው ሮጥኩ፣
ወስፌ በከሰል ላይ አጋልኩ፤
ከታንኮቹ አናት፣ ከጣሪያቸው ጫፍ፣
አንዳንድ ቀዳዳ በሳሁ፣ የሰሊጥ ፍሬ ብቻ የምታሳልፍ።
በላስቲክ ደፈንኳቸው፤ ላስቲኩን ክር አሰርኩት።
ሉባባ ስትቆጣ ሰማሁ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ሊነጋ ሲል፣ ሚኒባሶቹ «ደሴ! ደሴ!» ማለት ሲጀምሩ፣
በርሜሉ ላይ አጎንብሼ፣ በጣቴ ክሩ።
ሳብኩ።
አንዲት አረፋ ከኋላ። ቀጥላ ሌላ።
ከዚያ ከፊት፣ ከዚያ እንደተበጠሰ ዶቃ
ተከታትለው፣ ተግተልትለው፣
ዝምተኛዋ አጉረመረመች!
ወረደች። ሳታጎነብስ፣ ሳታዘነብል፣ ውሃ ልክ እንደተቀመጠላት ወረደች።
መሃል ስትደርስ ትንሽ አመነታች፤
ከዚያ ዷ ሳትል፣ ወለሉ ላይ ተኛች።

የዘምዘም የልጅ ልጅ፣ አንዋር፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር ለካ።
«አሁን እንዴት ነው የምትወጣው?» አለ።

ስለ መውረዷ እንጂ
ስለ መውጣቷ አላሰብኩም።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ።
የሌሊት ውሃ ነው፤ ይቀዘቅዛል።